የእትዬ ዘውዴ ቤት ማዕዘን

ደባርቅ ላይ ግንብ ሥራ የጀመርኩት መንግሥት በተለወጠ ማግስት ነው። እኔና ፈንታ በአንድ ጠዋት፣ በአንድ ግንበኛ በአያ ማሩ እጅ ረዳት ሆነን ገባን። አያ ማሩ ሁለታችንንም አየት አየት አደረጉንና ቱንቢውን ለፈንታ፣ አካፋውን ለእኔ ሰጡ። በቱንቢ የግድግዳ ቀጥተኛነት ይለካል፤ በአካፋ ጭቃ ይዛቃል። ያን ቀን ያደረብኝ ቅናት እስከ ዛሬ አለቀቀኝም።

ከዓመታት በኋላ ሁለታችንም ዋና ግንበኛ ሆንን። እኔ ፈጣን ነበርኩ፤ ድንጋይ ስጠርብ ሰው ቆሞ ያየኛል። ጨዋታም አውቃለሁ። ፈንታ አፉን ለጉሞ ነው የሚሠራው። ደንበኛ ግን የሚፈልገው እሱን ነው። "ዝምታ ወርቅ ነው እንጂ ግድግዳ አይሆንም" እያልኩ እስቃለሁ።

ዳባት ላይ እትዬ ዘውዴ የሚባሉ ባልቴት ነበሩ። አሮጌ የድንጋይ ቤታቸው በጓሮ በኩል ማዕዘኑ ሰምጦ፣ ግድግዳው ከመስኮቱ እስከ ጣሪያው ተሰነጠቀ። የወንድማቸው ልጅ ስሜን ተራሮች ቡይት ራስ ላይ የቱሪስት ሎጅ ሊያሠራ ዋና ግንበኛ ይፈልግ ነበርና፣ "የአክስቴን ቤት ያዳነ ሰው ሎጁን ይይዛል" አለ። ቀድሜ የተጠራሁት እኔ ነኝ። ያን ሎጅ እንደ ራሴ ቤት ቆጠርኩት።

ስንጥቁ ከታች ቀጭን፣ ከላይ ሰፊ ነው፤ ማዕዘኑ እየወረደ ነው ማለት ነው። መሠረቱን ከውጭ ቆፍሬ አየሁት። አፈሩ ጠንካራ ነው። ስለዚህ ችግሩ ከውስጥ ነው።

"እትዬ፣ ጓዳ ገብቼ ወለሉን ልየው" አልኳቸው።

"ጓዳዬ ምን አለህ? የተሰነጠቀው ግድግዳው!" ብለው በሩን በጀርባቸው ተደገፉት።

ምን ላድርግ? ስንጥቁን በሲሚንቶ ደፈንኩ፤ ከውጭ የድንጋይ ድጋፍ ገነባሁ። ክረምቱ አልፎ ስመለስ ሲሚንቶው ራሱ ተሰንጥቆ እጅ ያስገባል።

ከዚያ ፈንታን አስጠሩት።

መንገዴ ሳይሆን በዚያ በኩል ማለፍ አበዛሁ። ፈንታ ጣሪያውን በወፍራም አጣና ደግፎ ያዘ እንጂ ግድግዳውን አልነካውም። ድንጋይና ገረጋንቲ በአህያ እያስመጣ ጓዳ ያስገባል። ያ ሁሉ ድንጋይ የት ይገባል?

"ጓዳ ምን አገኘህ?" አልኩት።

"እትዬን ጠይቃቸው" አለኝና ወደ ሥራው ተመለሰ።

በኋላ የማዕዘኑን ሥር ጥቂት በጥቂት እየቆፈረ አዲስ መሠረት አስገባለት። ግድግዳው ቢንቀሳቀስ የሚሰበር ጄሶ ስንጥቁ ላይ ለጥፎ ክረምቱን ጠበቀ። ጄሶው ፍንክች አላለም። ሎጁ የፈንታ ሆነ። ያን ለት እህል አልቀመስኩም።

ነገሩ ሲያንገበግበኝ ሰንብቶ እትዬ ዘንድ ሄድኩ።

"የእህል ጉድጓድ ነበር" አሉኝ። "ባለቤቴ ነፍሱን ይማርና በጦርነቱ ጊዜ የቆፈረው። ክፉ ቀን ቢመለስ ብየ ደብቄ አኑሬው ነበር። ክዳኑ በስብሶ ከሥር ተናደና ማዕዘኑን ጎተተው። አሁንማ ተደፍኗል፤ ብትሰማውም ግድ የለኝ።"

"ታዲያ ለእኔ ለምን አልነገሩኝም? ቤቱ ሊወድቅብዎት ነበር እኮ!"

"ልጄ፣ እዚህ ስትሠራ የሦስት ሰው ጓዳ አጫውተኸኛል። የማን ጎተራ ባዶ እንደሆነ፣ ማን ከሚስቱ ተለይቶ እንደሚተኛ። የእኔን ደግሞ ለማን ልታጫውት ነበር?"

ተሰናብቻቸው ወጣሁ።

እትዬ አርፈዋል። ፈንታ ስለዚያ ጉድጓድ ለሚስቱ እንኳ አልተነፈሰም። ይኸው ለእናንተ የነገርኳችሁ እኔ ነኝ። ቡይት ራስ ስደርስ ሎጁን ላለማየት አሁንም ፊቴን አዞራለሁ።

የሰመጠ ቤት የሚጠገነው ጓዳ ተገብቶ ነው። ጓዳ የሚገባው አፉን የሚዘጋ ግንበኛ ነው።