ባለ ሁለት ዓይኑ ባኮስ

ሠዓሊው መምህራችን ጋሽ ዘለቀ ባለፈው ሳምንት ላፍቶ በሚገኘው ቤታቸው፣ ባለቤታቸው እትዬ ብዙነሽ እጃቸውን እንደያዟቸው ዐርፈዋል። መርዶው ላልደረሳችሁ ወዳጆቻቸው ሁሉ ይህን በሐዘን አስታውቃለሁ። ድንኳኑ ውስጥ የነበራችሁ ግን ከለቅሶው ይልቅ ሳቁ እንደበዛ አይታችኋል፤ አንዳንዶቻችሁም «ምን ጉድ ነው?» ስትሉ ሰምቻለሁ። ጉዱን ከሥሩ ልንገራችሁ። እኔ በሥራ ቀን የወረዳ ጽሕፈት ቤት ሠራተኛ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ የጋሽ ዘለቀ የሥዕል ተማሪ ነበርኩ። እሳቸው «ወሬኛዋ» ነበር የሚሉኝ፤ ስለዚህ ጽሑፉ ቢረዝም አይፈረድብኝም።

ጋሽ ዘለቀ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ከአባታቸው ተማሩ። ኋላ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ገብተው የአውሮፓን ሥዕል ሲያጠኑ ባኮስን አገኙት፤ ያን ጊዜ የያዛቸው ልክፍት እስከ መጨረሻው አልለቀቃቸውም። ባኮስ የጥንት ሮማውያን የወይን አምላክ ነው። ከብዙ ዘመን በኋላ የህዳሴና የባሮክ ሠዓሊዎች ደጋግመው ሥለውታል፤ ጋሼም የሥዕሎቹን ኅትመት በመማሪያ ክፍላችን ግድግዳ ላይ ለጥፈውት ነበር። ክፍል ስል የቤታቸውን ጋራዥ ማለቴ ነው። አንዱ ጣሊያናዊ ፊቱ የገረጣ፣ ከንፈሩ የደረቀ በሽተኛ አድርጎ ሥሎታል። ከዛሬዋ ቤልጅየም የሆነው ፍላንደርሳዊ በርሜል ላይ ጉብ አድርጎ ሆዱን ጭኑ ላይ ጥሎበታል። ስፔናዊው ደግሞ ፀሐይ ካከሰላቸው ገበሬዎች መሀል አስቀምጦ፣ ለተንበረከከው ሰው የቅጠል አክሊል ሲደፋለት ያሳየዋል። የቬኒሱ ሰው የሣለው ባኮስ ባሕር ዳር ተጥላ የቀረችን ሴት ሊያጽናና ከሠረገላው ይዘላል። «ሁሉም የቀመሰውን ወይን ነው የሣለው» ይሉን ነበር ጋሼ።

ታዲያ ከኅትመት መቅዳት እሳቸው ዘንድ ክልክል ነው። «ሰው እያለ ወረቀት የሚያይ ተማሪ አልፈልግም» ስላሉ ሕያው ባኮስ መገኘት ነበረበት። ተገኘም። ጎረቤታችን ወንድም ማርቆስ ከደቡብ የመጡ፣ ጴንጤ፣ መጠጥ የሚባል በአፋቸው ዞሮ የማያውቅ የብየዳ ባለሙያ ናቸው። የጋራዡን በር ሊጠግኑ በመጡበት ጋሼ ትከሻቸውንና ሆዳቸውን ትክ ብለው አይተው፣ «ማርቆስ፣ ሸሚዝህን ብታወልቅልኝስ?» አሏቸው።

«ጋሼ፣ በር ልሠራ ነው ወይስ ልታጠብ የመጣሁት?» አሉ ወንድም ማርቆስ።

ነገሩ ሲገለጽላቸው፣ «የጣዖት ነገር ከሆነ ይቅርብኝ» ብለው መሣሪያቸውን መሰብሰብ ጀመሩ። ጋሼ ግን መልስ አያጡም። «እንሥለዋለን እንጂ መች እንሰግድለታለን? የሚሰግድ ተማሪ ካየህ ጠቁመኝ፤ በዚሁ በር ነው የማስወጣው።»

በዚህ ተስማሙ። ከእትዬ ብዙነሽ ጓሮ የጌሾ ቅጠል ተቀንጥሶ አክሊል ተጎነጎነ፤ የወይን ጠጅ ብርጭቆው በብርሌ ተተካ፤ ብርሌው ውስጥ ደግሞ ብርዝ ተሞላ። ወንድም ማርቆስ ሁልጊዜ መጀመሪያ ያሸቱታል። «አላደረም አይደል፣ እትዬ?» «አሁን ነው የበጠበጥኩት፣ ወንድሜ። እኔን አታምነኝም?» ከዚያ ይጠጡታል፤ ገና ሥዕሉ ሳይጋመስ ብርሌው ባዶ ይሆንና እትዬ ብዙነሽ ማሩን ይዘው እንደገና ይነሣሉ።

የራሳቸው የጋሼ ሥራ ትልቁ ሸራ ነበር። አክሊሉ፣ ብርሌው፣ የብየዳ እሳት የነካካው ክንድ፣ ከኋላ የላፍቶ ኮንዶሚኒየሞችና የታክሲ ሰልፍ፤ ሰልፈኛው ሁሉ ብርዝ ይዟል። አምሮ ተሠርቶ ሳለ የባኮስ ፊት ግን ባዶ ነበር። ወንድም ማርቆስ «ሌላውን እንዳሻዎ፣ ፊቴን ግን ይተዉልኝ» ብለው ነበርና።

አንድ ቅዳሜ አዲስ የገባች ልጅ ባኮስን በጎኑ፣ በአንድ ዓይን ሥላ መጣች። በአገራችን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቅ ፊቱን ወደ እኛ አዙሮ በሁለት ዓይኑ ያየናል፤ ክፉው ግን በጎን ይሣላልና አንድ ዓይኑ ብቻ ነው የሚታየው።

«ለምን አንዱን ነፈግሽው?» አሏት ጋሼ።

«ሰካራም አይደል እንዴ?»

ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ። ጋሼ አስጨርሰው ሰሙንና «አንድ ዓይን መሣል ቀላል ነው፤ ፈርደሽ ትገላገያለሽ» አሉ። ያን ጊዜ ወንድም ማርቆስ ጌሾአቸውን እንደደፉ ከተቀመጡበት ተናገሩ። «ጋሼ፣ የኔ አባት ቢሆንስ በስንት ዓይን ይሥሉት ነበር? ፊቴ ቁርጥ የአባቴ ነው። አባቴን ደግሞ መጠጥ ነው የበላው። ብርሌ ይዞ ግድግዳ ላይ ላየው አልችልም።»

ጋሼ ብሩሻቸውን አስቀመጡ። «ዓይኑን ያየኸው አንተ ነህ፤ እኔ አላየሁትም። እስክትነግረኝ እጠብቃለሁ።» ከዚያ በኋላ ለምነውም ጎትጉተውም አያውቁም። የፈለጉት ግን ያንን ፊት ብቻ እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን። ሲያስላቸውና ሲያስነጥሳቸው እንኳ «ይህን ፊት ሳላየውማ አልሞትም» ይሉ ነበር።

ዓመታት አለፉ። የወንድም ማርቆስ የብየዳ ሱቅ ለመንገድ ግንባታ ሲነሣ ጋሼ የጋራዡን ግማሽ ለቀቁላቸው። እኛ በእርሳስ ስንጭር ወንድም ማርቆስ ከጎናችን ለለቡ ሰፈር አዳዲስ ቤቶች የመስኮት ብረት ይቆርጣሉ፤ ጫጫታው ጆሮ ይበጥሳል። ስናጉረመርም ጋሼ ወደ ቬኒሱ ሥዕል እየጠቆሙ፣ «ባኮስ ብቻውን መጥቶ ያውቃል? እዩት፣ ጸናጽል የሚያንሿሿ ተከትሎት ነው የሚሄደው። እናንተ ባኮስ ትፈልጋላችሁ፣ ጫጫታውን አትፈልጉም!» ይሉናል። የሰፈሩ ሰው ከዚያ ወዲያ ጋራዡን «ባኮስ ብየዳ» አለው።

በመጨረሻ ጋሼ ታመሙ። መጀመሪያ እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ቀጥሎ አልጋ ያዛቸው። እትዬ ብዙነሽ ጸበል ያመጣሉ፣ የወንድም ማርቆስ የጸሎት ቡድን ደግሞ ሳሎኑን ይሞላል። «ጸሎት በሁለት በር ቢገባ እኔ ምን ቸገረኝ?» አሉ ጋሼ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጸሎተኞቹ ሲሄዱ ወንድም ማርቆስ ቀሩ።

«ጋሼ፣ አባቴ ከመጠጡ በፊት ይስቅ ነበር። ገና ከእርሻው ሲመለስ ሳቁ ከሩቅ ይሰማናል፤ እኛም ሮጠን እንቀበለዋለን። ያንን ረስቼው ኖሬ እዚህ ጋራዥ ስቀመጥ ነው ትዝ ያለኝ። ይሣሉት። ሁለቱንም ዓይኖቹን ይሣሉለት።»

ጋሼ የሚንቀጠቀጥ እጃቸውን አንሥተው አሳዩአቸው። «በዚህ እጅማ ሦስት ዓይን ነው የሚወጣው። ያቺን ወሬኛ ጥሩልኝ።»

ተጠራሁ። ሸራውን ከጋራዥ ወደ መኝታ ቤት አስገባን፤ ወንድም ማርቆስ መስኮቱ አጠገብ ጌሾአቸውን ደፍተው፣ ብርዛቸውን አሽትተው ተቀመጡ። እኔ ሣልኩ፣ ጋሼ ከትራሳቸው ሆነው አዘዙ። «ሳቁን ከአፉ አትጀምሪ፤ ከዓይኑ ጀምሪ። ግራው ይቅደም። ኧረ ቀስ በይ፣ ሰውዬው አይሮጥብሽም!» ፈራሁ፣ ላቤ ወረደ፣ ግን እንዲያ ደስ ብሎኝ ሥዬ አላውቅም።

ስጨርስ ወንድም ማርቆስ ተነሥተው ሸራው ፊት ቆሙ። «አባዬ» አሉ። ከዚያ እያለቀሱ ሳቁ፣ እየሳቁ አለቀሱ። ጋሼ ደግሞ ሥዕሉን አይተው አይተው፣ «አየሁት» አሉ። ትንሽ ቆይተው፣ «የግራ ጆሮው ግን ተንሻፏል። ስትመለሽ ታስተካክይዋለሽ።» ስመለስ ድንኳን ተተክሎ ነበር።

ለቅሶው ላይ የሆነው ይኸው ነው። ከእድሩ ሰዎች አንዳንዶቹ «የወይን አምላክ ራቁቱን ለቅሶ ቤት ምን ያደርጋል?» ብለው ሥዕሉን ወደ ግድግዳ አዙረውት ነበር። ወንድም ማርቆስ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው ገቡ፣ አዩት፣ ሸራውን ራሳቸው መልሰው አዞሩት። «ተዉት፣ አባቴ ነው። ለቅሶ ሊደርስ መጥቶ ነው» አሉ። መጀመሪያ የሳቁት እትዬ ብዙነሽ ነበሩ፤ እሳቸው ከሳቁ ማን ይከለከላል?

ጋሼ፣ እንግዲህ ደህና ይሁኑ። እትዬ ብዙነሽን አደራ እንዳሉን አንለያቸውም፤ ጌሾውም ከጓሮው አይነቀልም። ቅዳሜ ትምህርት አለ፤ ወንድም ማርቆስ «ወንበሬን እንዳትነኩ» ብለዋል። ቁጣዎ ናፍቆናል፤ ቀለም ስናባክን የሚጮህብን የለም። እኔም እዚህ ወረቀት ላይ በሁለት ዓይን ልሥልዎ ሞክሬያለሁ፤ ያጎደልኩት ካለ ወሬ ሲበዛብኝ ያመለጠኝ ነው። የባኮስን ጆሮ ግን አላስተካከልኩትም። እርስዎ ያዩት ይኼንኑ ነው፤ እንደተንሻፈፈ ይኑር።