ሁለተኛው ብስኩት

ቅዳሜና እሁድ ስነ ልቦና እማር በነበረበት ጊዜ፣ መምህራችን የማሰብ ችሎታ ምን እንደሆነ ምሁራኑ ራሳቸው እንዳልተስማሙ ነገረን። ታዲያ ያልተስማሙበትን ነገር በምን ይለኩታል እያልኩ ስብሰለሰል ከረምኩ። ሌላ ቀን ደግሞ ስለ አንድ የልጆች ፈተና አወራን። ልጁ ፊት አንድ ጣፋጭ ይቀመጣል፤ እስክመለስ ካልበላህ ሁለት ይሆንልሃል ይባልና ብቻውን ይተዋል። መታገስ የቻሉት በትምህርትም ይበረታሉ ይባል ነበር።

የአምስት ዓመት ልጅ ያላት እናት ይህን ሰምታ እንዴት ያስችላታል? ልጄ በመጪው መስከረም ትምህርት ቤት ልትገባ ነው። ትበረታ እንደሆነ ቀድሜ ማወቅ ፈለግኩ።

በናዝሬት ሙቀት ቸኮሌት ስለማይሆን ብስኩት ገዛሁ። ክፍል ባልነበረኝ አንድ እሁድ ከሰዓት፣ መጀመሪያ የጎረቤቴን ልጅ አስቀመጥኳት፤ የልጄ እኩያ ናት። "እስክመለስ ካልበላሽው ሁለት ይሆንልሻል፤ አሁን እመጣለሁ" ብያት ወጣሁ። ስመለስ ብስኩቱ አልተነካም፤ ሁለተኛውን ጨምሬ ስሰጣትም አልወሰደችም። ቀጥሎ የኔዋ ተቀመጠች፤ ለእሷም ያንኑ አልኳት። ገና በሩን ሳልዘጋው ስታኝክ ሰማኋት። አልዋሽም፣ ቅናት አንገበገበኝ።

ለጎረቤቴ ብነግራት በሳቅ ፈረሰች። "ሰው ቤት የሰጡሽን እንዳትበዪ ብያት ነው እንጂ፣ እቤትማ ማን ያስጥላታል?" አለችኝ። ለካ የለካሁት የእናቷን ቁጣ ኖሯል። ደስ አለኝ። ግን የልጄስ ምን ነበር?

ማታ እግሯን እያጠብኳት ጠየቅኳት።

"ለምን አልጠበቅሽኝም?"

"አሁን እመጣለሁ አልሺኛ።"

"መጣሁ አይደል እንዴ?"

"አንቺ አሁን እመጣለሁ ስትዪ ይመሻል" አለችኝ፣ ውሃውን በእግሯ እያንቦጫረቀች።

የምሠራው ቢሾፍቱ፣ አበባ እርሻ ነው። ጠዋት ስወጣ እንዳታለቅስብኝ፣ ሱቅ ደርሼ አሁን እመጣለሁ እላታለሁ። ልጅ ያለው ሁሉ የሚያደርገው ስለሆነ አስቤበት አላውቅም። አፈርኩ።

በማግስቱ፣ "ቢሾፍቱ ሥራ ነው የምሄደው፤ የምመጣው ሲመሽ ነው" አልኳት። ልጄ፣ ሠራተኛችን እጇን ይዛት፣ እስከ ባጃጁ ድረስ እያለቀሰች ተከተለችኝ። ልንነሳ ስንል እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገችና፣ "ራት ሳንበላ ነው፣ ከበላን በኋላ?" አለችኝ።

ከዚያ በፊት መቼ እንደምመጣ ጠይቃኝ አታውቅም።