የሞተር ዘይት የጠጣች ሰዓት

ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት የአሮጌ መኪናውን ሰዓት በጨርቅ ጠቅልሎ አመጣልኝ። «እማማ፣ ቀጥ ስትልብኝ የሞተር ዘይት አጠጣኋት!» ብሎ ከት ብሎ ሳቀ። እኔ ግን ሳላስበው ወደ በሩ ዞርኩ፤ ማን ሰማው ብዬ። መንግሥት ተለዋውጧል፣ ፒያሳም ፈርሳ እንደገና እየተሠራች ነው። የኔ አንገት ግን ወሬው ገና አልደረሰውም።

በደርግ ጊዜ ነው። ትምህርቴን ጨርሼ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ በነበረችው የአባቴ ሰዓት ማደሻ እሠራ ነበር። የአባቴ ዓይን ስለደከመ ረቂቁ ሥራ የኔ ነው። ክረምት ነበር፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይወቅጣል፣ ከጎረቤት የትኩስ ፓስቲ ሽታ ይገባል። አንድ የመንግሥት መኪና ሹፌር ከመሪው ፊት ካለው ክሩስኮት ላይ የተነቀለች ሰዓት ይዞ ገባና በሩን ከኋላው ዘጋው።

«በማርያም አባባ፣ እግርዎ ላይ ልውደቅ» አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰዓቷ ስትዘገይበት ጊዜ፣ ዘይት የማያድነው ነገር የለም ብሎ የሞተር ዘይት ጠብ አደረገባት። ሹፌር አይደል! ወፍራሙ ዘይት ጥርሶቿን አጣብቆ ጭራሽ አዘገያት። አለቃው እሷን አምኖ ትልቅ ስብሰባ አርፍዶ ገባ። «የነካት ሰው አለ?» ብሎ ሲያፋጥጠው ሹፌሩ በድንጋጤ «የለም» አለ። አለቃው ግን አላመነውም። «አስከፍታት፤ ውስጧ የተገኘውን ራሴ መጥቼ እጠይቃለሁ» አለው። ያኔ «አሻጥር» የሚሉት ቃል ነበር። የተለጠፈበት ሰው ወደ ቤቱ አይመለስም።

ብንዋሽ ተባባሪ ልንባል ነው፤ እውነቱን ብንናገር የሰው ነፍስ ልናጠፋ ነው። ሹፌሩ «ስሜ…» ብሎ ሲጀምር አባቴ በእጁ አስቆመው።

«ስምህን አትንገረን። የማናውቀውን ገርፈውም አያወጡት» አለው። ወደኔ ዞሮም «ክፈቻት» አለኝ።

ሹፌሩ አለቃውን ሊያመጣ ሄደ። ጥርሶቿን አንድ በአንድ ቤንዚን ውስጥ ነክሬ በብሩሽ አጠብኩ። ሞላዋ እንዳትፈናጠር ትንፋሼን ያዝኩ። ቤንዚን የቀዳሁበት ሲኒ በሞተር ዘይቱ ጠቁሮ ከሰል መሰለ። ከዚያ ቀጭኑን የሰዓት ዘይት በመርፌ ጫፍ፣ ጥርሶቹ የሚዞሩባቸው ቀዳዳዎች ላይ ብቻ ነካ ነካ አደረግሁ። ገጥሜያት ቀጭ ቀጭ ማለት ስትጀምር መኪናው ደጃፋችን ቆመ። ሲኒውን ገና አልደፋሁትም ነበር።

አለቃው ገባ። ሹፌሩ ከኋላው ቆሞ መሬት መሬት ያያል።

«ምን አገኘሽ?»

«አቧራ» አልኩ። ድምፄ የሌላ ሰው ድምፅ መሰለኝ።

አለቃው ሲኒውን አንስቶ አሸተተ። «ይኼስ?»

አባቴ ከወንበሩ ተነሳ። የቀበሌ ጥበቃ ባለፈ ቁጥር ሬዲዮ የሚዘጋው አባቴ!

«የኔ ጥፋት ነው ጌታዬ። ዓይኔ ደክሟል፤ ተሳስቼ አሁን ወፍራም ዘይት ባስነካት ልጄ መልሳ አጠበችው።»

አለቃው ሲኒውን አስቀመጠ። «ጌታዬ ቀርቷል፤ ጓድ በል» አለና ሰዓቷን ከእጅ ሰዓቱ ጋር አስተያይቶ ወጣ። አባቴ ሲቀመጥ ሱሪው ረጥቦ ነበር። እንዳላየሁ ሆንኩ።

ከዚያ ወዲያ ሹፌሩ በድልድዩ ሲያልፍ ዘወር ብሎ እንኳ አያየንም ነበር። ውለታ ቢስ ብዬ ስንት ጊዜ ረገምኩት! እኛኑ ከጥርጣሬ እየጠበቀን እንደነበር የገባኝ በጣም ቆይቶ ነው። አንድ ቀን ያው መኪና ሌላ ሹፌር ይዞ አለፈ። አባቴም እኔም አየን፤ የት ሄደ ብለን ግን አልጠየቅንም። ፍርሃት ምስጋናን ብቻ ሳይሆን ሐዘንንም ይነጥቃል።

ወጣቱ ሰዓቱን በወሰደ ማግስት ጊዮርጊስ ሄጄ ቄሱን ለአንድ የጠፋ ሹፌር ጸልዩልኝ አልኳቸው።

«ስመ ክርስትናው ማነው?» አሉኝ።

ስሙን መቼ አውቄው? የአባቴን ስም ነገርኳቸው። ጥፋቱን የተሸከመለት ሰው ስሙን አይነፍገውም።