ከካርጎ ካርቶን የተሠራው ቤተ ክርስቲያን

ይህ የሆነው ኩዌትን ያ ከባድ ጎርፍ በመታት ሰሞን ነው። ባሰብኩት ቁጥር ዛሬም ልቤ ይዘላል።

የምሠራው ሙባረክ አል-ከቢር የሚባል አካባቢ፣ ሰው ቤት ነበር። ማዳም አንድ አርብ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን እንድሄድ ፈቀደችልኝ፤ ግን እስከ ቀትር አዛን ብቻ። ሾፌሩ ውጭ ይጠብቀኛል።

ቤተ ክርስቲያኑ ያለበት ሰፈር፣ ፋርዋኒያ፣ ስደርስ ቦታው ላይ አጣሁት። የሚጸለይበት የኪራይ ቤት ጎርፍ ገብቶበት ተንዷል። ምእመናኑ ጎረቤት ያለ የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ተጠግተዋል፤ ጣሪያ እንጂ ግድግዳ የለውም። ታዲያ ሴቶቹ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ለአገር ቤት ሊልኩት ያዘጋጁትን ካርጎ በላስቲክ ጠቅልለው እንደ ብሎኬት ደርድረውታል። ብርድ ልብስና የወተት ዱቄት የሞላው ካርቶን ግድግዳ ሆኗል። ደስ ብሎኝ ሳቄ መጣ። አማተብኩና ጫማዬን አውልቄ ገባሁ።

ቅዳሴው መሃል ዓይኔ ከጎኔ ካለው ካርቶን ላይ አረፈ። በወፍራም ብዕር "ይድረስ ለወ/ሮ የሺ ካሳው፣ ሐይቅ" ይላል። ክው አልኩ። የሺ ካሳው የብርቄ እናት ናቸው።

ከብርቄ ጋር አዲስ አበባ ጉዟችንን ስንጠብቅ አንድ ፍራሽ ላይ ነው የከረምነው። እናቷን እንደ እኩያ "የሺ ካሳው" እያለች ስትጠራ እስቅባት ነበር። ኩዌት አየር ማረፊያ እሷን አንዱ አሠሪ፣ እኔን ሌላው ወሰደን፤ ስልክ እንኳ አልተለዋወጥንም። ከዚያ ወዲህ በሄድኩበት ሁሉ ብጠይቅ የሚያውቃት ጠፋ።

ዞር ብል ሁሉም ነጠላ ተከናንቧል፤ ማን ከማን ይለያል? አጠገቤ የቆሙትን እናት በሹክሹክታ ጠየቅኳቸው። የካርቶኑን ባለቤት አያውቋትም፤ የካርጎው መኪና ግን ከቅዳሴ በኋላ እንደሚመጣ ነገሩኝ።

ቅዳሴው እንዳለቀ ካርቶኑን ሙጭጭ አድርጌ ያዝኩ። ሴቶቹ ግድግዳውን ማፍረስ ጀመሩ። ሾፌሩ ደጋግሞ ይደውላል። አዛኑ ተሰማ። ማዳም ታባርረኝ ይሆናል ብዬ ፈራሁ፤ ብቻ ንቅንቅ አላልኩም።

አንዲት ሴት ከኋላዬ መጥታ ካርቶኑን ሳበችው።

"እህቴ፣ ልቀቂ እንጂ። የኔ ካርጎ ነው፣ መኪናው ሊሄድብኝ ነው።"

ድምጿን ለየሁት።

"የየሺ ካሳው ልጅ" አልኳት።

ካርቶኑን ለቀቀችው። እሷ ታለቅሳለች፣ እኔ እልል እላለሁ። መኪናውም ጥሏት ሄደ።

ያን ዕለት ማዳም ስትቆጣኝ ዋለች፤ አንዱም ጆሮዬ አልገባም። የብርቄ ቁጥር ስልኬ ላይ ነበር።

አሁን ቤተ ክርስቲያኑ ደህና ግድግዳ አግኝቷል፤ እሰየው ነው። ብርቄ ግን ዛሬም ሰው ፊት "ካርጎዬን ልትሰርቅ ስትል ያዝኳት" እያለች ታስተዋውቀኛለች። እኔም አልክድም። በሰው አገር እህት የሚያስገኝ ከሆነ ካርጎም እሰርቃለሁ።