የባሻ ጥፋት

ኢንሺራሕ ደግ ሴት ናት። ይህ አስቀድሞ ይነገርላት፤ በኋላ የሚመጣውን የሰማ ሰው ክፉ ሊላት ይችላልና። ፖርት ሰይድ ውስጥ በአረብ ሰፈር፣ የእንጨት ሰገነት ካላቸው አሮጌ ቤቶች በአንዱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ስትኖር፣ ለታመመ ጎረቤት ሾርባ ሳትልክ፣ የሰው ልጅ ሳትይዝ የዋለችበት ቀን ትንሽ ነው። ክፋት የሚባል ነገር በውስጧ አልነበረም ማለት ግን አይደለም። አጋጣሚ አላገኘም ነበር እንጂ።

ባሻ በቀቀኗ ነው። ሟቹ ባሏ ሐሰኔን በከተማዋ አጠገብ ባለው ቦይ ከሚያልፉት መርከቦች ጎን ትንሽ ጀልባውን እያስጠጋ ለመርከበኞች የቆዳ ቦርሳና በጭድ የተሞላ የግመል አሻንጉሊት የሚሸጥ ሰው ነበር። ገንዘብ ያጠረው መርከበኛ በዕቃ ይለውጣል። አንድ ቀን ሐሰኔን ቦርሳውን ሰጥቶ፣ ጅራቱ እንደ በርበሬ የቀላ ግራጫ ወፍ ታቅፎ መጣ።

«ራዲዮ አመጣልሻለሁ ያልከው ሰውዬ፣ ወፍ?» አለችው።

«ይኸውልሽ ራዲዮ! ባትሪ እንኳ አይበላም።»

እውነቱን ነበር። ባሻ ሲያወራ ይውላል። የማንንም ቃል ቢይዝ በዚያው ዝገት በበላው የራሱ ድምፅ ያወጣዋል። ሰገነቱ ላይ ሆኖ «አብዱ! ዳቦ!» እያለ ባለሱቁን ስለሚጠራ፣ ኢንሺራሕ ቅርጫቷን በገመድ ወደ መንገድ ባወረደች ቁጥር ያላዘዘችው ዳቦ ሞልቶባት ትስበዋለች። ሐሰኔን ሲሞት በቤቱ ውስጥ ስታናግረው የሚመልስላት ባሻ ብቻ ቀረ። ልጇ ሻዝሊ በማሻገሪያው ጀልባ ላይ መካኒክ ነው፤ ማታ ይመጣል፣ ይበላል፣ ይተኛል። ጠዋት ጠዋት ፉሏን የምትበላው ከወፉ ጋር ነበር። እሱ አንገቱን ይደፋል፣ እሷ ማጅራቱን ታክለታለች። ለባሻ ከዚህ የበለጠ ደስታ የለም።

ከዚያ ሻዝሊ ኒዕማትን አገባ። ኒዕማት የኢስማኢሊያ ከተማ ልጅ ናት። እናቷ በልጅነቷ ሞታባት አክስቷ ናት ያሳደገቻት። ዝምተኛ፣ ሰው አክባሪ፣ ሰሃን እንኳ ሳታንቃጭል የምታጥብ ልጅ። ኢንሺራሕ ወደደቻት። ወደደቻትና ፈራቻት። ምክንያቱም ከእራት በኋላ የእነሱ ክፍል በር ይዘጋል፤ ከበሩ ጀርባ ደግሞ ሻዝሊ ይስቃል። አባቱ ከሞተ ወዲህ እንዲያ ሲስቅ ሰምታው አታውቅም ነበር። አንዲት እናት የልጇን ሳቅ ሰምታ ሲከፋት፣ ራሷንም ትታዘባለች፤ ግን መከፋቱ በመታዘብ አይቆምም።

ኒዕማት አንድ ቀን ሙሉኺያ የሚባለውን የቅጠል ወጥ ሠራች። ሙሉኺያ የማያውቅ እጅ ሲሠራው ቅጠሉ ከድስቱ ሥር ይሰምጥና መረቁ ብቻውን ከላይ ይቀራል። ሰመጠባት። ኢንሺራሕ «እጅሽን ይባርከው» ብላ በላች። ክፍሏ ገብታ ግን፣ የባሻን የሽቦ ቤት እያጸዳች፣ «ሆ! እናትሽ ምን አስተማረችሽ?» አለች። ለማንም አይደለም፣ ለአየሩ ነው። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

ባሻ ግን ያውቃል። ዓርብ ዕለት የሐሰኔን ዘመዶች ለምሳ መጥተው ሳሎኑ ሞልቷል። ኒዕማት ሩዝ በትሪ ይዛ ገባች። ባሻ አንገቱን አስግጎ አያትና፦

«እናትሽ ምን አስተማረችሽ?»

ሳሎኑ በሳቅ ፈረሰ። አንዱ አጎት እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ኒዕማትም ትሪውን አስቀምጣ አብራ ፈገግ አለች፤ ፊቷ ግን እስከ ጆሮዋ ቀላ። ኢንሺራሕም ሳቀች። ሳቀችና እጇን ኪሷ ውስጥ ከትታ አንዲት የዱባ ፍሬ አወጣች፣ በሽቦው መሃል አቀበለችው።

ነገሩን ያበላሸችው ይህች የዱባ ፍሬ ናት። ወፍ በነፃ አይሠራም። ምን ሲል ምን እንደሚያገኝ ካወቀ አበቃ። በማግስቱ ኒዕማት ስትገባ ደገመው፤ ኢንሺራሕ ደግማ ሰጠችው። ወፍ ነው፣ ጨዋታ ነው፣ ምን አለበት አለች ለራሷ። ሻዝሊ ለሚስቱ ሻርፕ ገዝቶ በመጣበት ቀን ግን ሁለት ፍሬ ሰጠችው፤ ያን ቀን ጨዋታ አለመሆኑን አወቀች። አውቃም አላቆመችም። እጇ ማንም ሳያዘው ወደ ኪሷ ይሄዳል። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ ብቅል በማይገባበት ቤት በቀቀን ይበቃል።

«እማ፣ ይሄ ወፍ ይሄን ነገር ከየት ነው ያመጣው?» አለ ሻዝሊ አንድ ማታ፣ ፊቱን አጥቁሮ።

ኢንሺራሕ ሳታስበው «ከኡም ዘኪ ነዋ!» አለች። «ከታች ፎቅ ሆና ስትጮህ አትሰማም? ሴት ልጆቿን ቀኑን ሙሉ ስታብጠለጥል ነው የምትውለው።»

ኡም ዘኪ መጮሁስ ትጮሃለች። ነገር ግን ልጆቿን የወለደች እናት ራሷ «እናትሽ ምን አስተማረችሽ» ብላ ልትሳደብ እንደማትችል ሻዝሊ ልብ አላለም። ኢንሺራሕ ልብ ብላለች። በማግስቱ ቀኑን ሙሉ እስኪነቃባት ስትጠብቅ ዋለች፤ ማንም አልነቃባትም፤ ይህ ደግሞ ከመነቃቱ ባሰባት።

ኒዕማት ወፉን ለማባበል ያላደረገችው የለም። ዘይቱና ታመጣለታለች፣ ሙዝ ልጣ ታቀርብለታለች። ባሻ ይበላል፣ አፉን ይጠርጋል፣ ከዚያም እንደ ምስጋና አድርጎ ያችኑ ይላታል። ምስኪኗ ልጅ ስድቡን ራሷ እየመገበች ታጠነክረዋለች።

አንድ ጠዋት ኢንሺራሕ ከመታጠቢያ ቤት ስትወጣ ኒዕማት ከወፉ ጋር ስታወራ ሰማቻት። ኮሪደሩ ላይ ቆመች።

«እናትሽ ምን አስተማረችሽ?» አለ ባሻ።

«ምንም» አለች ኒዕማት ቀስ ብላ። «ፀጉሬን መጎንጎን ልታሳየኝ ጀምራ ነበር፣ ሳትጨርስ ሞተች። እንግዲህ አንተ አስተምረኛ።»

የቀልድ ድምፅ አልነበረም።  ኢንሺራሕ ወደ ክፍሏ ተመለሰችና አልጋዋ ላይ ተቀመጠች። ሬሳ አጥቦ ያውቃል ይህ እጄ፣ ወላድ አርሶ ያውቃል፤ አሁን ምን ሠራሁበት? አለች። የልጅቷን እናት አታውቃትም። የሞተች ሴት ናት፤ ልጇን ሳታደርስ የሞተች። እሷን ነበር በየቀኑ በወፍ አፍ ስትሰድብ የከረመችው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ባሻን ያስተማረችውን ልታስረሳው ተነሣች። ያችን ቃል ሲናገር ጀርባዋን ትሰጠዋለች፤ ከክፍሉ ትወጣለች። «አብዱ! ዳቦ!» ሲል ፍሬ ትሰጠዋለች። ባሻ ግራ ገባው። ትናንት የተወደደለት ዛሬ ለምን እንደተጠላ የሚነግረው የለም። ምናልባት አልሰማችኝም ይሆናል ብሎ ነው መሰለኝ ድምፁን ከፍ አደረገ። ከፍ አድርጎ ይናገራል፣ አንገቱን ይደፋል፣ ማጅራቱን እስክታክለት ይጠብቃል። ስትሄድበት የደረቱን ላባ ይነጫል። ወለሉ ላይ ግራጫ ላባ መልቀም ጀመረች፣ ኒዕማት ሳታይ። ሻዝሊ በጨርቅ ሸፈነው፤ ከጨርቁ ሥርም ያችኑ ይላል። እውነቱን ለመናገር ባሻ ስድብ መሆኑን አያውቅም። እሱ የሚያውቀው ይህች ቃል በዚህ ቤት ከሁሉም በላይ የተወደደች መሆኗን ነው።

በማንጎ ወቅት የኒዕማት አክስት ከኢስማኢሊያ ልትጠይቃት መጣች፤ ሳጥን ሙሉ ማንጎ ተሸክማ። ኢንሺራሕ ወፉን ማእድ ቤት አስገብታ በሩን ዘጋችበት። ምን ያደርጋል፤ ባሻ ከሳሎን የከረጢት ኮሽታ ሰማ፤ የዱባ ፍሬው መሰለው።

«እናትሽ ምን አስተማረችሽ?»

አክስቲቱ የያዘችውን ብርጭቆ አስቀመጠች። «ምን አለ?»

«ወፍ ነው፣ አክስቴ፣ አያውቅም…» አለች ኒዕማት።

ባሻ ደገመው።

«ወፍ ከራሱ አይናገርም!» ሴትዮዋ ተነሣች። «እህቴ አፈር ከለበሰች ስንት ዘመኗ! በመቃብሯ ትሰደብ? ተነሽ አንቺ! ዕቃሽን ያዢ። ባልሽ የሚፈልግሽ ከሆነ ቤታችንን ያውቀዋል።»

ኒዕማት አማቷን አየቻት። አንድ ነገር እንድትል ትጠብቅ ነበር። ኢንሺራሕ ማንጎው ላይ አቀርቅራ ቀረች። ልጅቷ ሻንጣዋን ይዛ ወጣች። አኩርፋ ወደ ዘመዶቿ የሄደች ሚስት ባል ሄዶ ለምኖ ይመልሳታል፤ ደንቡ ነው። ባዶ እጅ ግን አይኬድም።

«ወፉ ይሸጣል» አለ ሻዝሊ ማታ። «ዓርብ ገበያ እወስደዋለሁ። ከዚያ ሄጄ፣ ወፉ የለም፣ ተመለሽ እላታለሁ። ይቅር በይኝ እማ፣ የአባዬ መሆኑን አውቃለሁ።»

የመናገሪያው ጊዜ ይህ ነበር። «እኔ ነኝ» ማለት ሁለት ቃል ነው። ኢንሺራሕ የልጇን ፊት አየች፤ ከተናገረች ያ ፊት ምን እንደሚሆን አየች፤ እና «እንደ ወደድክ» አለች። እሱ ደግሞ ጎንበስ ብሎ ግንባሯን ሳማት፤ ስለ እሱ ብላ ትልቅ ነገር እንደተወች ቆጥሮላት።

ዓርብ ከገበያ ባዶ እጁን ተመለሰ።

«ለማን ሸጥከው?»

«ከዳሚየታ ለመጣ ሰው።»

«ሲሄድ ምን አለ?»

«ምንም አላለም። አንገቱን ደፍቶልኝ ዝም አለ። ታሟል እንዴ ብዬ ነበር።»

ኢንሺራሕ ማእድ ቤት ገብታ ቧንቧውን ከፈተች፣ ሲቃዋ እንዳይሰማ። ባሻ አሁን በማያውቀው ቤት፣ በማያውቃቸው ሰዎች ፊት፣ ያለችውን አንዲት ምርጥ ቃል አውጥቶ ለባለቤቲቱ ይላታል። ተወደደልኝ ብሎም አንገቱን ይደፋል። እነዚያ ደግሞ በጫማ ይሉታል። ይህ ሐሳብ ከፊቷ አልሄድ አለ።

ኒዕማት ተመለሰች። ቤቱ ሰላም ሆነ፤ ጎረቤቱ ሁሉ «እሰይ፣ ያ ባለጌ ወፍ ሄደ» አለ። ኡም ዘኪ እንኳ ደረጃ ላይ አግኝታት፣ «ከእኔ ነው አሉ ስድቡን የተማረው፣ ይቅር ይበለው» ብላ ሳቀች። ኢንሺራሕ ምግብ አልበላ አላት። ሰው ሁሉ የወፏ ናፍቆት ነው አለ፤ ሻዝሊ ሌላ ወፍ ልግዛልሽ አላት፤ አትሰማው።

አንድ ከሰዓት በኋላ ኢንሺራሕ ሰገነቱ ላይ ተቀምጣ ባሚያ ስትቆርጥ ኒዕማት መጥታ ከእግሯ ሥር ተቀመጠች። ቢላዋውን ቀስ ብላ ከእጇ ወሰደችና እጇን ሳመቻት።

«እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ።»

«በምን ምክንያት?»

«በእኔ የተነሣ ወፍዎን አጡ። የባልዎን ማስታወሻ። በልቼ አላድርም እኮ። እሱ ምን ያውቃል? የሰማውን ነው። እኔ ነኝ ሆደ ቡቡ ሆኜ…» ለቅሶ ቀድሟት አልጨረሰችውም።

ኢንሺራሕ እጇን ነጠቀቻት። የሰው ይቅርታ መቀበል ለሌላው ቀላል ነው፤ ይህኛው ግን እንደ እሳት ፈጃት።

«ተይ! አትሳሚኝ! ከኡም ዘኪ አልሰማውም። ከእኔ ነው የሰማው። እኔ አልኩት፣ ያቺ ሙሉኺያ የሰመጠች ቀን። ሲደግመው የዱባ ፍሬ ሰጠሁት። በነጋታውም ሰጠሁት። እያወቅሁ ነው የሰጠሁት፣ ኒዕማት። እናትሽን ያሰደብኩ እኔ ነኝ።»

መንገድ ላይ የጋሪ ሰው ቲማቲም እያለ አለፈ። ኒዕማት ቢላዋውን አስቀመጠች።

«ለምን?» አለች። ቁጣ አልነበረበትም፤ ማወቅ ብቻ ነው የፈለገችው።

ኢንሺራሕ ጥሩ ምክንያት ፈለገች፣ አጣች። ያላትን ሰጠቻት። «ልጄ ከአንቺ ጋር ሲስቅ እሰማ ነበር። ያን ቀን ደግሞ ሁሉም በእኔ ወፍ ሳቁ። ደስ አለኝ። ሌላ ምክንያት የለኝም።»

«ቢጠሩኝ እኮ አብሬዎት እስቅ ነበር።»

 ኢንሺራሕ አፏን በሻሿ ጫፍ ሸፈነች። ኒዕማት ተነሣች፣ የባሚያውን ሳህን አነሣች፣ በሩ ላይ ስትደርስ ቆመች።

«ለሻዝሊ አልነግረውም» አለች።

ኢንሺራሕ ሻሿን ከአፏ አነሣች።

«እርስዎ ይንገሩት። እኔ ዝም ካልኩ ነገም ወፉን ሲረግም እሰማለሁ፤ ያን አልችለውም።»

ምሽት ላይ የማሻገሪያው ጀልባ ጮኸ። ኢንሺራሕ መብራቱን አበራች፣ ፀጉሯን ሸፈነች፣ ሳሎን ተቀምጣ የደረጃውን ድምፅ አዳመጠች። ሻዝሊ ዘይት ዘይት እየሸተተ ገባ። «እማ፣ ዛሬስ በላሽ?» አለና ሊስማት ጎንበስ ሲል በመዳፏ ደረቱን ገፋ አድርጋ አስቆመችው።

«ቆይ፣ መጀመሪያ ስማኝ» አለች። «ባሻ ምንም አላጠፋም።»