ጎዶሎና ጎዶሎ በፌርፋክስ

ኮረሪማ ሲሸተው ሌላው ሰው ወጥ ያምረዋል፤ እኔን ግን ጎዶሎ ቁጥር ነው ትዝ የሚለኝ። ባለፈው ቅዳሜ ፌርፋክስ፣ የሀበሻ ሱቆች በተደረደሩበት ጎዳና ላይ መኪናዬን ፓርክ አድርጌ ስወርድ፣ ከአንዱ ሱቅ በር የወጣው ሽታ ባለሁበት አቆመኝና፣ በአሥራ ሁለት ዓመቴ ከቅመም ሱቅ ጓዳ፣ የበርበሬ ጆንያ ላይ ተቀምጬ፣ እያስነጠስኩ ሒሳብ የተማርኩበት ጊዜ ፊቴ ድቅን አለ።

አስተማሪያችን እትዬ ወይንሸት ነበሩ። በሳምንቱ ቀናት ፓሳዴና አንድ ኮሌጅ ያስተምራሉ፤ ቅዳሜ ከሰዓት ደግሞ እህታቸው በከፈቱት በዚያ የቅመም ሱቅ ጓዳ የመጣውን ሁሉ፣ ዕድሜውን ሳይጠይቁ፣ በአንድ ሰሌዳ ፊት ያስቀምጡታል። ትንሹ ተማሪ የሰባት ዓመቱ ወንድሜ ናኦድ፣ ትልቋ ደግሞ እናታችን ነበረች። እማዬ ዌስትቼስተር ሰፈር አንድ ሆቴል ውስጥ አልጋ እያነጠፈች፣ ነርስነት ለመማር የመግቢያ ፈተና ተፈትና በሒሳቡ ወድቃ ነበር። "አንዴ ልሞክረው፤ እምቢ ካለኝ በቃኝ" ብላ ነው የመጣችው። ከልጆቿ ጋር መማሩ እያሳፈራት ከኋላ፣ ከሽሮው ማዳበሪያ አጠገብ ትሸጎጣለች፤ ለሳምንታት አንድ ቃል አልተነፈሰችም።

እትዬ ወይንሸት ትክክለኛ መልስ ብቻውን አያረካቸውም። "ኦኬ፣ እንዴት አወቅሽ?" ይላሉ፣ መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ አውርደው። አንድ ቅዳሜ፣ ጎዶሎ ቁጥር ከጎዶሎ ሲደመር ሁልጊዜ ሙሉ፣ ለሁለት እኩል የሚከፈል፣ ይሆን እንደሆነ ጠየቁን። እኔ ቀድሜ፣ ሦስትና አምስት ስምንት፣ ሰባትና ዘጠኝ አሥራ ስድስት እያልኩ ደረደርኩና "ሁልጊዜ ነው!" አልኩ በኩራት።

"ያልሞከርሽውስ?" አሉኝ። "ቁጥር እኮ አያልቅም፤ እስከ መቼ ልትሞክሪ ነው?"

ናኦድ ከጆንያ ሽምብራ ዘግኖ ሁለት ቦታ ከፈለና ጥንድ ጥንድ አድርጎ ይደረድር ጀመር። ከአንዱ አንዲት ፍሬ ብቻዋን ቀረች፤ ከሌላውም እንዲሁ። ሁለቱን አስጠጋና "ጓደኛ አገኙ" አለ። ሁላችንም ሳቅን፤ እትዬ ግን አልሳቁም።

"ሶ፣ ይሄ እዚህ ላለው ሽምብራ ነው። ላልቆጠርነውስ?"

ያኔ ከኋላ የእማዬ ድምፅ መጣ። "እትዬ፣ ብዛቱ ምን ያደርጋል?" አለች ፈራ ተባ እያለች። "ጎዶሎ ከሆነ፣ ጥንድ ጥንዱ ሲወጣ አንድ ነው የሚተርፈው። ከዚህም አንድ፣ ከዚያም አንድ። ሁለቱ ደግሞ ራሳቸው ጥንድ ናቸው። ስንትም ቢሆን!"

"እርግጠኛ ነሽ?"

"እርግጠኛ ነኝ።"

እናቴ በዚህ አገር ስለ ምንም ነገር እንዲህ ስትናገር ሰምቼ አላውቅም ነበር፤ ስለ ሥራውም፣ ስለ መኖሪያ ወረቀቱም መልሷ "እንጃ፣ ይሆን ይሆናል" ነበር። እትዬ ጠመኔውን አስይዘው፣ ያለችውን በቁጥር ፋንታ በፊደል እንዴት እንደምትጽፈው አሳዩዋት። ከዚያ ወዲያ ከፊት መቀመጥ ጀመረች። ፈተናውን አለፈች፤ ጡረታ እስክትወጣም ነርስ ሆና ሠራች።

እትዬ ወይንሸት ካረፉ ቆዩ፤ የእህታቸው ሱቅም ተዘግቶ የጥፍር ማሳመሪያ ቤት ሆኗል። ለልጄ በኮምፒውተር የሚያስጠናት ጎበዝ አስተማሪ ቀጥሬላታለሁ፤ ለዕድሜዋ የተለካውን፣ ክፍሏ ውስጥ ብቻዋን ትማራለች። ከእኔ ከእናቷ ጋር ጎን ለጎን ተቀምጣ፣ ሁለታችንም የማናውቀውን አንድ ነገር የምንፈልግበት ጓዳ ግን ከየትም ላመጣላት አልቻልኩም። እኔ ነበረኝ። እናቴን እንደ እናት ብቻ ሳይሆን እንደ ክፍል ጓደኛ ያወቅኋት በእትዬ ወይንሸት ነው፤ ነፍሳቸውን በገነት ያኑርልኝ።