የባርታንጉ ሳይረን ለምን ዝም አለ

ኒሶራሞ በተራራማው የባርታንግ ሸለቆ ባለች መንደር ሠላሳ አንድ ዓመት ፊዚክስ አስተምራ ጡረታ የወጣች ሴት ናት። የወንዙን ከፍታ በየአሥር ደቂቃው እየለካ፣ ውኃው ሁለት ሜትር ከአርባ ሴንቲ ሜትር ሲደርስ ሳይረን የሚያስጮህ መሣሪያ ሠርታ ድልድዩ ላይ የሰቀለችው እሷ ነበረች። ሁለት ዓመት በደንብ ሠራ። በሦስተኛው፣ ከላይ የበረዶው ግግር ተደርምሶ ድንገት ጎርፍ ሲለቅ፣ ዝም አለ። ወንዙ ዳር ባለው ወፍጮ ቤት የነበረውን ቃዳምቤክን ውኃ ወሰደው።

መብረቅ መትቶት ነው አለ መንደሩ። ኒሶራሞም እንዲያ ብትል ማንም አይመረምራትም ነበር።

ከሟቹ የአርባ ቀን መታሰቢያ ማግስት መሣሪያውን አውርዳ ትምህርት ቤት ወሰደችው። የትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር አዲስ ፕሮግራም አያስጭንም፤ ለእሷ ግን ብሮውዘሩ በቂ ነበር። በዩኤስቢ ገመድ አገናኝታ የመሣሪያውን ፕሮግራም የሚያሳይ ድረ ገጽ ከፈተች፤ ብሮውዘሩ ፈቃድ ጠየቃት፣ ፈቀደች፤ ፕሮግራሙ መስመር በመስመር ፊቷ ተዘረጋ። የመሣሪያውን ቺፕ መብረቅ አልነካውም።

ጎርፉ የደረሰበትን ልክ፣ ሦስት መቶ ሴንቲ ሜትር፣ አስገባችና ፕሮግራሙን ቁጥሩ የሚቀመጥበት መስመር ላይ አቆመችው። ገጹ አርባ አራት አለ።

«አርባ አራት ከየት መጣ?» አላት አጠገቧ ቆሞ የሚያየው ዳቭላትሾ፣ የቀድሞ ተማሪዋ፣ አሁን የሒሳብ መምህር።

«ከእኔ። ከሁለት መቶ ሃምሳ አምስት በላይ የማይዝ ቦታ ነው የሰጠሁት። ከዚያ ካለፈ ከዜሮ ይጀምራል። ውኃው ቀስ እያለ ሲሞላ መሣሪያው ሁለት መቶ አርባ ላይ ይደርስበት ነበር፤ የዚያን ቀን ግን ውኃው በአንድ አሥር ደቂቃ ውስጥ ዘሎት አለፈ።»

ዳቭላትሾ በሩን ዘጋ። «መምህርት፣ ይህን ያየነው እኔና እርስዎ ብቻ ነን። አስተካክለው ቢሰቅሉትስ?»

«አስተካክለዋለሁ። ለሟቹ ቤተሰብ ሳልናገር ግን አልሰቅለውም።»

ለቁጥሩ ሰፊ ቦታ ሰጥታ በዚያው ገመድ መልሳ ጫነችው። ሦስት መቶ ደግማ ስታስገባ ሳይረኑ ጮኸ።

ከሰዓት በኋላ የቃዳምቤክ ሚስት ሺሪንሞ ቤት ሄደች። ሺሪንሞ ደጃፏ ላይ የአፕሪኮት ፍሬ ዘር በድንጋይ ትሰብራለች። ኒሶራሞ እንደቆመች ሁሉንም ነገረቻት።

«መብረቅ ነው ሲሉኝ ይሻለኝ ነበር» አለች ሺሪንሞ፣ እጇን ሳታቆም። «ለምን ነገሩኝ?»

«ባልሽ ነው። ማወቅ ይገባሻል።»

ሺሪንሞ ጥቂት ዘር ሰበረች። «አሁን ይጮሃል?»

«ይጮሃል።»

«እንግዲያው ሲሰቅሉት በእኔ ፊት ይፈትኑት።»

በማግስቱ ድልድዩ ላይ፣ ሺሪንሞ ጩኸቱ እስኪያበቃ ሻሿን አፏ ላይ ይዛ ሰማች፤ ከዚያ ወደ ቤቷ ተመለሰች።

በዓመቱ ሐምሌ ጎርፉ ሲመጣ ሳይረኑ ጮኸ፤ መንደሩ ዳገቱን ወጣ። ኒሶራሞ ጉልበቷ አልታዘዝ ብሏት ወደ ኋላ ቀርታ ነበር። ሺሪንሞ ተመልሳ ወርዳ ክንዷን ያዘቻት። ይቅር ብያለሁ አላለችም፤ ኒሶራሞም አልጠየቀቻትም።